ውሃ፣ ጨውና ስኳር፤ የአንድ ብጥብጥ ታሪክ

መግቢያ

«ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው» ይባላል። አባባሉ የተነገረው ወንዝ ሲሻገር በሙላት ስለሚወሰድ ሰው ቢሆንም፣ ከሰውነት ውስጥ ተንጠፍጥፎ ስለሚያልቀው ውሃም ቢነገር ከእውነት የራቀ አይሆንም። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ጧት ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት ይታያል፤ እኩለ ቀን ላይ ዓይኑ ይሰረጉዳል፤ ማታ ሲያለቅስ እንባ አይወርደውም፤ የሆዱ ቆዳ በሁለት ጣት ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ወደ ቦታው አይመለስም። ይህን ምልክት ከመካከላችን በሥራው ላይ ያላየ የጤና ባለሙያ ይኖራል ተብሎ አይገመትም።

ለዚህ ሕፃን የሚያስፈልገው መድኃኒት ንጹሕ ውሃ፣ ጥቂት ጨውና ጥቂት ስኳር ነው። ሦስቱም ከየትኛውም ማጀት የማይታጡ ነገሮች ናቸው። ይሁን እንጂ በኮሌራ የተያዘ ሰው የሚሞተው ውሃና ጨው ስለሚያልቅበት መሆኑ በቤተ ሙከራ ከታወቀበት ከ1832 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የጎደለውን በአፍ መመለስ እንደሚቻል በተመዘነ ጥናት እስከ ተረጋገጠበት እስከ 1968 ዓ.ም. ድረስ 136 ዓመታት አልፈዋል። በዚህ መካከል የሞተው ሕዝብ ቁጥር ስፍር የለውም። ይህ ጽሑፍ መዘግየቱ ከምን እንደ መጣ፣ በመጨረሻም በምን እንደ ተቋጨ ለማስረዳት የታሰበ ነው። የዓመታቱ አቆጣጠር በሙሉ የአውሮፓውያን መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስ በቅድሚያ እናሳስባለን።

ውሃና የሕይወት መሠረታውያን ሞለኪውሎች

በአገራችን የሊቃውንት ትምህርት የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለትም ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት መገኘቱ ይነገራል። የጥንት ግሪኮችም ዓለም የቆመው በእነዚሁ በአራቱ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ውሃ ራሱ ከሌሎች ነገሮች የተዋቀረ መሆኑ የታወቀው በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ካቨንዲሽ ሃይድሮጂን በአየር ውስጥ ሲቃጠል ውሃ እንደሚገኝ በሙከራ አየ፤ ፈረንሳዊው አንቷን ላቯዚዬ ደግሞ በ1783 ውሃ ባሕርይ ሳይሆን የሃይድሮጂንና የኦክሲጂን ውሁድ መሆኑን አስታወቀ።

ውሃን ለሕይወት የተመቸ ያደረገው የሞለኪውሉ ቅርጽ ነው። ሁለቱ የሃይድሮጂን አቶሞች ከኦክሲጂኑ ጋር የተያያዙት በቀጥታ መስመር ሳይሆን 104.5 ዲግሪ በሚሆን ማዕዘን ታጥፈው ነው። ኦክሲጂን ኤሌክትሮኖችን ወደ ራሱ አጥብቆ ስለሚስብ፣ የሞለኪውሉ አንድ ወገን ጥቂት አሉታዊ፣ ሌላው ወገን ጥቂት አዎንታዊ ሙል ይይዛል። ስለዚህ የአንዱ ውሃ ሃይድሮጂን የጎረቤቱን ኦክሲጂን ይስባል፤ ይህም የሃይድሮጂን ትስስር ይባላል። የገበታ ጨው በውሃ ውስጥ ሲገባ የሚሟሟው የውሃው ሞለኪውሎች ሶዲየሙንና ክሎራይዱን ከየአቅጣጫው ከበው ስለሚነጣጥሏቸው ነው። ቅባት ግን እንዲህ ያለ ሙል ስለሌለው ውሃው አይቀበለውም።

ሕይወት የተሠራባቸው አራቱ ዐበይት የሞለኪውል ወገኖች፣ ማለትም ካርቦሃይድሬት፣ ቅባት፣ ፕሮቲንና ኑክሊክ አሲድ፣ ቅርጻቸውንም ሆነ ሥራቸውን የሚያገኙት በዚሁ ውሃ ውስጥ ነው። ስኳር የውሃ ወዳጅ ስለሆነ በደም ውስጥ ሟሙቶ ይዘዋወራል። ፕሮቲን ውሃን የሚሸሹትን ክፍሎቹን ወደ ውስጥ ሸሽጎ፣ የሚወዱትን ወደ ውጭ አድርጎ ይታጠፋል፤ ሥራውንም የሚሠራው በዚህ አኳኋን ከታጠፈ በኋላ ነው። የዲ.ኤን.ኤ. ሁለት ክሮችም የተጠማዘዙት ሙል ያለውን አካላቸውን ወደ ውሃው አዙረው ነው። የቅባት ሞለኪውሎች በበኩላቸው ጭራቸውን ከውሃ ለመሸሸግ ጎን ለጎን ተሰልፈው ድርብ ንጣፍ ይሠራሉ። የእያንዳንዱ ሕዋስ ክርታስ ይህ ንጣፍ ነው። ጎርተርና ግሬንደል የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች ከቀይ የደም ሕዋሳት ያወጡትን ቅባት በውሃ ላይ ዘርግተው በመለካት ይህን ንጣፍ በ1925 አስታወቁ።

ለምንተርከው ታሪክ ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ይገኛል። ክርታሱ ቅባት በመሆኑ ጨውም ሆነ ስኳር እንዲሁ አልፎት አይሄድም፤ የየራሳቸው በር ያሻቸዋል። የበሩም ጠባቂ ፕሮቲን ነው። ውሃ ደግሞ ጨውና ስኳር ወደሚበዙበት ወገን በኦስሞሲስ ይከተላል እንጂ በሰውነት ውስጥ እርሱን ብቻ ለይቶ የሚገፋ መሣሪያ የለም። ስለሆነም ውሃን ወደ ሰውነት ለማስገባት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ጨውን ማስገባት ይኖርበታል።

ከአዋቂ ሰው ክብደት 60 በመቶ ያህሉ፣ ከአራስ ሕፃን ደግሞ 75 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ሕፃን ከክብደቱ አንድ ዐሥረኛውን በፈሳሽ መልክ ካጣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ይህም 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ አንድ ሊትር ብቻ ማለት ነው።

የ1832 ግኝትና የመከነው ተስፋ

ኮሌራ ከሕንድ ተነሥቶ አገር ላገር እየተዛመተ በ1831 መጨረሻ ገደማ የእንግሊዝ ወደብ ወደ ሆነችው ወደ ሰንደርላንድ ደረሰ። በዘመኑ የነበሩ ሐኪሞች በሽታውን የሚያክሙት ደም በማፍሰስ፣ የሚያስቀምጥና የሚያስመልስ መድኃኒት በመስጠት ነበር። ፈሳሹ ተሟጦ ላለቀበት ሕመምተኛ የቀረችውን ጠብታ እንደ መቅዳት ያህል ነው።

ዊልያም ብሩክ ኦሾነሲ የተባለ ገና የ22 ዓመት ወጣት የሆነ አየርላንዳዊ ሐኪም ወደ ስፍራው ሄዶ የሕሙማኑን ደም በኬሚስትሪ መረመረ። ያገኘውም ውጤት ግልጽ ነበር። ደሙ ከውሃው ብዙውን አጥቷል፤ ጨዎቹም ቀንሰዋል፤ ከደሙ የጎደሉት ጨዎች በሰገራው ውስጥ ይገኛሉ። ከዚህም ተነሥቶ ሕክምናው የጎደለውን ውሃና ጨው መተካት መሆን እንዳለበት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አሳሰበ።

አሳቡን በሥራ የተረጎመው በስኮትላንድ፣ በሊዝ ከተማ የነበረው ሐኪም ቶማስ ላታ ነው። በግንቦት ወር 1832 ላታ ልትሞት ጥቂት የቀራትን አንዲት አረጋዊት ሴት ደም ሥር ከፍቶ ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ያፈስላት ጀመር። መጀመሪያ ምንም ለውጥ አልታየም። ሦስት ሊትር ተኩል ያህል ከገባላት በኋላ ግን ትንፋሿ ተስተካከለ፤ የተሰረጎዱት ዓይኖቿ ብርሃን አገኙ፤ የጠፋው የልብ ትርታዋ ተመለሰ፤ መናገርም ቻለች። ላታ ዳነች ብሎ ለሌላ ሐኪም አስረክቧት ሄደ። ተቅማጡና ትውከቱ ግን አልቆመም ነበርና የተተካላት ሁሉ ተመልሶ ወጣ፤ ሌላ ፈሳሽ ሳይሰጣት ከአምስት ሰዓት ተኩል ያህል በኋላ ሞተች።

ከዚህ ታሪክ ማስተዋል የሚገባን ሕክምናው ትክክል እንደ ነበረ ነው፤ የጎደለው መቀጠል ብቻ ነበር። የወጣው ሳይለካ፣ የሚገባውም በዚያው ልክ ሳይተካ ቀረ። በዚህ ላይ ውሃው በሚገባ ያልተጣራ፣ መርፌውም ከጀርም ያልጸዳ በመሆኑ ከድርቀት የተረፉት በመመረዝ ይሞቱ ነበር። ላታ ራሱ በ1833 ዐረፈ፤ ወረርሽኙም ከእንግሊዝ አገር ጠፋ፤ ኦሾነሲም ሕንድ አገር ሄዶ በሌላ ሥራ ተጠመደ። ዘዴው ለብዙ ዓመታት ተዘነጋ፤ ደም ማፍሰሱም እንደ ቀድሞው ቀጠለ።

የተበታተነ ዕውቀት

ቀጥሎ የመጣው ዘመን ስለ ኮሌራ ብዙ ዕውቀት ያስገኘ ዘመን ነበር። ጆን ስኖ በ1854 በለንደን የብሮድ መንገድን የውሃ መቅጃ በመመርመር በሽታው የሚተላለፈው በተበከለ ውሃ መሆኑን አሳየ። በዚያው ዓመት ፊሊፖ ፓቺኒ የተባለ ኢጣልያዊ ተሐዋሲውን በማይክሮስኮፕ አየ፤ ሮበርት ኮህ ደግሞ በ1883 እና በ1884 በግብፅና በካልካታ ባደረገው ምርምር ለይቶ አወጣው። ይሁንና የተሐዋሲው መታወቅ የሐኪሞችን ዓይን ከጎደለው ውሃ ላይ አንሥቶ በተሐዋሲው ላይ ብቻ አሳረፈው። ጠላት ሲገኝ ቁስለኛውን የሚያነሣ ታጣ እንደ ማለት ነው።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሊዮናርድ ሮጀርስ በካልካታ ጠንከር ያለ የጨው ብጥብጥ በደም ሥር በመስጠት የሕሙማኑን ሞት በግማሽ ያህል ቀነሰ። በ1940ዎቹ ዳንኤል ዳሮው በአሜሪካ ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት ሶዲየምን ብቻ ሳይሆን ፖታሲየምንም እንደሚያጡ አስረዳ። በዚህ ሁሉ ዘመን የታመነበት መንገድ ግን የደም ሥር ብቻ ነበር። ይህም የጸዳ ፈሳሽ፣ መርፌ፣ ቱቦና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። ኮሌራ ደግሞ እነዚህ ወዳሉበት ሳይሆን ወደሌሉበት የሚሄድ በሽታ ነው።

በአፍ መስጠትን የሞከሩ አልጠፉም። ሄመንድራ ናት ቻተርጂ የተባለ የካልካታ ሐኪም በሽታቸው መካከለኛ ለሆነ 186 ሕሙማን ጨውና ግሉኮስ በአፍ ሰጥቶ ማዳኑን በ1953 በላንሴት ላይ አስታውቆ ነበር። ሆኖም የገባውና የወጣው ፈሳሽ አልተለካም፤ የማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረም፤ ለምን እንደ ሠራ የሚያስረዳ ሳይንሳዊ ምክንያትም በዚያን ጊዜ አልተገኘም ነበር። በዚህም የተነሣ ጽሑፉን ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው ጥቂት ሆነ። በዘመኑ ብዙዎች ኮሌራ የአንጀትን ሽፋን ልጦ ስለሚያወርደው አንጀቱ ምንም ነገር መምጠጥ አይችልም ብለው ያምኑ ነበር። በእምነቱም ምክንያት ሕመምተኛው አፉ ተዘግቶ እንዲቆይ ይደረግ ነበር።

ይህን እምነት ካናጉት ሥራዎች አንዱ በዚያችው በካልካታ የተገኘ ነው። ሻምቡ ናት ዴ የተባለ ሐኪም የጥንቸል አንጀት ቋጥሮ ባደረገው ሙከራ፣ በሽታውን የሚያመጣው ተሐዋሲው የሚያመነጨው መርዝ መሆኑን በ1959 አረጋገጠ። መርዙ የአንጀቱን ሕዋስ አይገድለውም፤ ክሎራይድን ያለ ዕረፍት ወደ ውጭ እንዲያፈስ ያስገድደዋል እንጂ። ክሎራይዱን ሶዲየም፣ ሶዲየሙን ውሃ ይከተላል። በዚህ ሁኔታ አንድ ሰው በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊያጣ ይችላል። አንጀቱ ግን አልተላጠም።

የሕዋሱ በር

ከሕሙማኑ አልጋ ርቀው፣ ኮሌራን ሳያስቡ የሚሠሩ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። ዴንማርካዊው የንስ ስኩ በ1957 በክርታስ ላይ ተቀምጦ ሶዲየምን ከሕዋሱ ወደ ውጭ የሚያስወጣ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ የሚያስገባ ኢንዛይም መኖሩን አስታወቀ። ለዚህ ሥራውም ከአርባ ዓመት በኋላ በ1997 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ይህ መግፊያ ሦስት ሶዲየም እያስወጣ ሁለት ፖታሲየም ስለሚያስገባ፣ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ሶዲየም ምንጊዜም አነስተኛ ነው። ከውጭ ያለው ሶዲየም በር ባገኘ ቁጥር ለመግባት ይጣደፋል።

በነሐሴ ወር 1960 በፕራግ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ አሜሪካዊው ባዮኬሚስት ሮበርት ክሬን ግሉኮስ በትንሹ አንጀት የሚመጠጠው ከሶዲየም ጋር ተጣምሮ መሆኑን የሚያመለክት አሳብ አቀረበ። እንደ ክሬን አገላለጽ፣ በአንጀቱ ሕዋስ ላይ ያለው በር የሚከፈተው ሁለቱ አብረው ሲመጡ ነው፤ ሶዲየሙ ለመግባት ያለው ጥድፊያ ግሉኮሱን ይዞት ይገባል። ጨውና ስኳር ሲገቡ ውሃው ይከተላቸዋል። ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ ኧርነስት ራይትና ባልደረቦቹ የዚህን ፕሮቲን ዘር መለያ ለይተው አወጡ፤ በኋላም በአንድ ግሉኮስ ሁለት ሶዲየም እንደሚገባ ታወቀ። ይህ ዘር ተበላሽቶባቸው የሚወለዱ ጥቂት ሕፃናት የእናታቸው ወተት ስኳር ሳይመጠጥ ስለሚቀር ብርቱ ተቅማጥ ይይዛቸዋል። ሕመማቸው የበሩን አስፈላጊነት ይመሰክራል።

እንግዲህ አራቱም የሕይወት ሞለኪውሎች በአንድ ደጃፍ ላይ ተገናኝተው እናገኛቸዋለን። ቅባቱ ግድግዳ ነው፤ ፕሮቲኑ በር ነው፤ ስኳሩ የመግቢያ ይለፍ ነው፤ ኑክሊክ አሲዱ የበሩ ንድፍ የተጻፈበት መዝገብ ነው። ይህ ሁሉ የተሰናዳው ውሃ እንዲገባ ነው። የኮሌራ መርዝ መውጫውን ቢከፍተውም ይህን በር አይዘጋውም። ሕመምተኛውን የሚያድነው እውነት ይህ ነበር። ይሁን እንጂ ይህን የሚያውቁት ሰዎች ሕሙማን አያክሙም፤ ሕሙማን የሚያክሙትም ይህን አያውቁም ነበር።

ከማኒላ እስከ ቦንጋዮን

ሁለቱ ወገኖች የተገናኙት በችግርና በስሕተት ውስጥ ነው። ሮበርት ፊሊፕስ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሐኪም በ1962 በማኒላ ግሉኮስ ከጨው ጋር ሲሰጥ ሕመምተኛው ፈሳሹን እንደሚመጥ አየ። ነገር ግን በቀጣዩ ሙከራ ጥቂት ሕሙማን ሕይወታቸው ስላለፈ ሥራው ተቋረጠ፤ ፊሊፕስም በአፍ መስጠትን ለዓመታት በጥርጣሬ ይመለከት ጀመር።

ነገሩ እልባት ያገኘው በዳካና በካልካታ ነው። በዳካ በነበረው የኮሌራ ምርምር ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ወጣት ሐኪሞች፣ ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ፣ ከአገሩ ተወላጅ ባልደረቦቻቸው ጋር በመሆን በ1968 ቁርጥ ያለ ሙከራ አደረጉ። ሕመምተኛው መሐሉ በተበሳ አልጋ ላይ ይተኛል፤ ከሥር ባልዲ ይቀመጣል፤ የወጣው ሁሉ ይለካል፤ በዚያው ልክ የጨውና የግሉኮስ ብጥብጥ ይጠጣል። የብልሃቱ ቁልፍ ይህ ልኬት ነበር፤ ላታ በ1832 ያልቀጠለው ሥራ መሆኑ ነው። አስቀድመው በደም ሥር ከነፍሱ ከተመለሱት በኋላ ብጥብጡን በአፍ የወሰዱት ሕሙማን፣ በደም ሥር የሚያስፈልጋቸው ፈሳሽ 80 በመቶ ያህል ቀነሰ። በካልካታ የነበሩ ተመራማሪዎችም በዚያው ጊዜ ተመሳሳይ ውጤት አገኙ።

ይሁን እንጂ ይህ የተደረገው በጥሩ ሆስፒታል፣ በሠለጠኑ ሰዎች እጅ ነበር። እውነተኛው ፈተና በ1971 መጣ። በምሥራቅ ፓኪስታን፣ በኋላ ባንግላዴሽ በተባለችው አገር፣ በተነሣው ጦርነት ምክንያት ወደ ዐሥር ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ሕንድ ተሰደደ፤ በመጠለያዎቹም ኮሌራ ገባ። በድንበር ከተማ በቦንጋዮን የተመደበው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ የደረሰው ሁለት ክፍል ብቻ ባለው ሆስፒታል ነበር። ሕሙማኑ በወለሉ ላይ ተደርድረው ተኝተዋል፤ እነርሱን ለማከም በሰገራና በትውከት መካከል መንበርከክ ግድ ነበር። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽም በጥቂት ቀናት ውስጥ አለቀ።

ማሃላናቢስ የቀረውን አንድ መንገድ መረጠ። በካልካታ 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም የገበታ ጨውና 2.5 ግራም የመጋገሪያ ሶዳ እየተመዘነ በከረጢት ታሸገ። በመጠለያው ይህ በአንድ ሊትር ውሃ ሒሳብ በበርሜል ተበጥብጦ፣ እናቶች፣ እኅቶችና ጓደኞች በኩባያ እየቀዱ ሕሙማኑን እንዲያጠጡ ተደረገ። ነርስ ሲጠፋ አስታማሚው ነርስ ሆነ። ቀድሞ ከመቶ ሕሙማን 30 ያህሉ ይሞቱበት በነበረው ስፍራ ሞቱ ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ይህን የሚያስረዳው ጽሑፍ ታትሞ የወጣው በ1973 ነው። ማሃላናቢስ በጥቅምት ወር 2022 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል።

ከሆስፒታል ወደ ቤት

የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ1975 አንድ ወጥ የሆነ ቅመም ተቀበሉ። ይህም በአንድ ሊትር ውሃ 3.5 ግራም ጨው፣ 20 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.5 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት የያዘ ነበር። ላንሴት፣ የኦሾነሲንና የላታን ጽሑፎች ያተመው ያው መጽሔት፣ በ1978 ግኝቱ ምናልባት የክፍለ ዘመኑ ዋና የሕክምና እርምጃ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። በ1980ዎቹ ባይካርቦኔቱ በቆይታ በማይበላሸው በሲትሬት ተተካ። በ2002 ደግሞ ጨው ወደ 2.6 ግራም፣ ግሉኮስ ወደ 13.5 ግራም ዝቅ አለ። በአዲሱ ቅመም የሶዲየሙና የግሉኮሱ ብዛት በሊትር እኩል 75 ሚሊሞል ነው። ስኳሩ ቢበዛ ሳይመጠጥ በአንጀት ውስጥ ቀርቶ ውሃን ከሰውነት ወደ ራሱ ስለሚስብ ተቅማጡን ያብሳል። በጣም የጣፈጠ ለስላሳ መጠጥ ለሕፃኑ የማይመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። ከ2004 ጀምሮ ከብጥብጡ ጋር ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን እንዲሰጥ ተወስኗል።

በባንግላዴሽ ብራክ የተባለው ድርጅት ከ1980 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ሠራተኞቹን ቤት ለቤት እየላከ ወደ 12 ሚሊዮን ለሚጠጉ ቤተሰቦች ትምህርት ሰጠ። ትምህርቱ በሦስት ጣት የሚቆነጠር ጨውን በእፍኝ ጥቁር ስኳርና በተለካ ውሃ መበጥበጥ ነበር። የሠራተኛይቱ ደመወዝ የሚወሰነው በደረሰችባቸው ቤቶች ብዛት ሳይሆን እናቶቹ ከቀናት በኋላ ተጠይቀው ባስታወሱት መጠን ነበር። ትምህርት መስጠትና ትምህርት መድረሱን ማረጋገጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይህ አሠራር በሚገባ ያሳያል።

በ1982 የወጣ አንድ ግምት በታዳጊ አገሮች በየዓመቱ 4.6 ሚሊዮን ያህል ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በተቅማጥ ይሞቱ እንደ ነበር ያመለክታል። ዛሬ ይህ ቁጥር በዓለም ዙሪያ ከግማሽ ሚሊዮን በታች ሆኗል። ለዚህ ንጹሕ ውሃ፣ ክትባትና የተሻለ ምግብ ድርሻ አላቸው፤ የብጥብጡ ድርሻ ግን ከፊተኞቹ አንዱ ነው።

የአገራችን ሁኔታ

በ1961 በኢንዶኔዢያ የተነሣው ሰባተኛው የኮሌራ ወረርሽኝ በ1970 ወደ አፍሪቃ ገብቶ በዚያው ዓመት አገራችንም ደርሷል። በ1984 እና በ1985 በድርቁ ምክንያት ሕዝብ በተሰበሰበባቸው መጠለያዎችም ተቅማጥ ከረኃቡ ጋር ተባብሮ የብዙ ሕፃናትን ሕይወት ቀጥፏል። በኋለኞቹ ዓመታት በተደጋጋሚ የታየው ወረርሽኝ «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት»፣ በአጭሩ «አተት» በሚል ስም ሲጠራ ቆይቷል። በነሐሴ 2022 በባሌ ዞን የተነሣው ኮሌራም ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛምቷል። ሰው በመረጠው ስም ቢጠራውም አንጀቱ የሚያውቀው የጎደለውን ውሃና ጨው ብቻ ነው፤ ለሕመምተኛውም በስሙ ላይ እስክንስማማ የሚቆይ ጊዜ የለውም።

ብጥብጡ በአገራችን «ለምለም» በሚል ስም ታውቋል፤ «ሕይወት አድን ንጥር» የሚለውም መጠሪያ ተለምዷል። ከ2003 ጀምሮ በተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎት አማካይነትም በየቀበሌው ደርሷል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ተቅማጥ ከያዛቸው ሕፃናት መካከል ይህን ንጥር ያገኙት ከሲሦ የማይበልጡ ናቸው።

ጉድለቱ የአቅርቦት ብቻ አይመስለንም። በሕዝባችን ዘንድ ሕክምና ማለት መርፌና «ግሉኮስ መሰቀል» ነው የሚል እምነት ሥር ሰድዷል። በአንጻሩ በወረቀት የታሸገ፣ በኩባያ የሚጠጣ ነገር እንደ ማስታገሻ እንጂ እንደ መድኃኒት አይታይም። ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ውሃና ጡት መከልከልም በአንዳንድ ስፍራ አልቀረም። እዚህ ላይ ባለሙያው ራሱ ከነቀፋ ነጻ አይደለም። ሊጠጣ የሚችለውን ልጅ ቱቦ ሰክቶ ማስተኛት ለሐኪሙ ክብር፣ ለወላጅም እርካታ ይሰጣል፤ እናቲቱ አጠገብ ተቀምጦ በማንኪያ ማጠጣትን ማሳየት ግን ጊዜ ይወስዳል፤ አድናቆትም አያስገኝም። በእርግጥ ድርቀቱ የከፋበት፣ ራሱን የሳተ ወይም መጠጣት የተሳነው ሕመምተኛ ፈሳሹን በደም ሥር ወዲያውኑ ማግኘት አለበት። የቀሩት አብዛኞቹ ግን በአፍ ይድናሉ።

አሰጣጡም ጥንቃቄ ይሻል። ለአንድ ሊትር የተዘጋጀ ጥቅል በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ እንጂ በብርጭቆ አይበጠበጥም። መለኪያ በሌለበት ቤት 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ቢሞላ አንድ ሊትር ያህል ይሆናል። ልጁ ቢያስመልሰው ዐሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ቀስ እያሉ ደግሞ መስጠት ይገባል። ከ24 ሰዓት በላይ የቆየው ብጥብጥ ይደፋል። ጡት ማጥባትና ምግብ መስጠትም አይቋረጡም። ይህን ለእናት መንገር ብቻ አይበቃም፤ ራሷ በጥብጣ እንድታሳይ መጠየቅ ያስፈልጋል።

መደምደሚያ

ኦሾነሲ በ1832 የጎደለውን ያውቅ ነበር፤ የሚገባበትን በር ግን አላወቀም። ክሬን በ1960 በሩን ያውቅ ነበር፤ ደጃፉ ላይ የሚሞተውን ሕመምተኛ ግን አላየም። ቻተርጂ ሕሙማኑን አድኗል፤ ነገር ግን አልለካም፤ ስለዚህም አልታመነም። ዕውቀቱ ተሟልቶ ሥራ ላይ የዋለው ኬሚስትሪ የሚያውቀው፣ በአልጋው አጠገብ የሚለካውና በኩባያ የሚያጠጣው እጅ ለእጅ ሲያያዙ ነው።

«ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ተብሎ ለጨው የተነገረው ቃል ለሙያችንም ይሠራል። በመጽሔትና በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የቀረ ዕውቀት ያልጣፈጠ ጨው ነው። የውሃን ሞለኪውል ማዕዘን፣ የክርታሱን በርና የጨውን መጠን ያጠና ባለሙያ ትምህርቱን የሚያስመሰክረው ያቺ እናት ቤቷ ተመልሳ፣ ማንም ሳይረዳት፣ አንድ ሊትሩን በትክክል ለክታ ስትበጠብጥ ነው።